በልጅ ልጄ ስም የጣልኩት ፍሬ

ዝም ያለ ሰው ድምፁ ከማን ጋር ነው የሚቆጠረው? እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ይህን ግን ያስተማረኝ የለም።

ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር ባለችው ቤታችን አምስት ነበርን፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለኝ እኔ ብቻ። ፈቃድ የሌለው በሰላም እንዲወጣ የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ካለቀ ወዲህ ፍተሻው ከመንገድ ወደ ቤት ገብቷል። የልጅ ልጄ ሰልማን ከከፊሉ፣ ከአሠሪው፣ ጠፍቶ እኔ ዘንድ ከተደበቀ አሥራ ሁለት ቀኑ ነበር። እናቱ ፈይዛ መካ፣ ዛሂር ሰፈር፣ ከምትሠራበት ቤት በየሰዓቱ ትደውላለች፤ እማ፣ እንዳይወጣብሽ። አይወጣም ብዬ በአላህ ስም ቃል ገባሁላት።

የዚያን ዕለት ከአስር ሶላት በኋላ እንግዳ የሚባለው ተከራይ አንድ ሐሳብ አመጣ። እንግዳ የፊተኛውን ክፍል ከእህቱ ከበላይነሽ ጋር የተከራየ ሹፌር ነው። እጃችንን ሰጥተን አገራችን እንግባ ወይስ እንደተደበቅን እንቆይ፣ ድምፅ እንስጥበት አለ። አንዱ ወጥቶ ቢያዝ ሌላውንም ያስይዛልና ውሳኔው የቤቱ ሁሉ ይሁን።

የኋለኛው ክፍል ተከራይ አብዱልከሪም ተነሣ። የእኔ ክፍል የራሷን ዕድል በራሷ ትወስናለች፣ እስከ መገንጠል ድረስ መብቴ ነው አለ። ሽንት ቤቱን ከእኛ ጋር እየተጋራህ ወዴት ነው የምትገነጠለው አለው እንግዳ። ከዚያማ ቤቷን ትተው አገሪቱን ያዙ። አንቀጽ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሕዝበ ውሳኔ፣ ማን ከማን ይለያል። አብዱልከሪም የአገሪቱ ስም ራሱ እኔን ሳይጠይቁ የወጣ ነው፣ እሱም ድምፅ ይሰጥበት ይላል። እንግዳ ስም እንደ ሸሚዝ አይቀየርም ይላል። ጩኸታቸው ጎረቤት ይሰማል፤ እኔ መጋረጃ እጎትታለሁ።

"ኧረ በአላህ፣" አልኩ፣ "ሹርጣው፣ ፖሊሱ፣ ሐበሺ ብሎ ነው ሁላችሁንም የሚጭናችሁ። አንቀጽ አይጠይቅም፣ ኢቃማ ነው የሚጠይቅ።"

በመጨረሻ በላይነሽ ከበላነው ቴምር የተረፈውን ፍሬ አንዳንድ አደለችን። መሄድ የሚል ፊንጃሉ ውስጥ፣ መቆየት የሚል ብርጭቆው ውስጥ ይጣል ተባለ። ሰልማን ፍሬውን ትሪው ላይ መልሶ አስቀመጠ።

እንደገና ጭቅጭቅ። እንግዳ ሁሉም የግድ ይምረጥ፣ ነገ እኔ የለሁበትም ብሎ እንዳያማን ይላል። አብዱልከሪም ድምፅ መብት እንጂ ግዴታ አይደለም፣ ልጁን ተዉት ይላል። ሰልማን አንገቱን ደፍቷል። እነሱ ሲከራከሩ የእሱን ፍሬ አንስቼ ከራሴው ጋር ብርጭቆው ውስጥ ጣልኩት።

ሲቆጠር መቆየት ሦስት፣ መሄድ ሁለት ሆነ። ኸላስ፣ አለቀ፣ የቤቱ ውሳኔ ነው አለ አብዱልከሪም፤ መገንጠሉን ወዲያው ረሳው።

በላይነሽ ግን እኔን እኔን ታያለች። "እማማ፣ እርስዎ ሁለት ነው የጣሉት።"

"አንዱ የሰልማን ነው። ያሳደግኩት እኔ፤ የሚበጀውን አላውቅለትም?"

ሰልማን ቀና ብሎ አየኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እጁን ወደ ብርጭቆው ከትቶ አንዷን ፍሬ አወጣ፤ የእሱ የትኛዋ እንደሆነች እንኳ የሚያውቅ የለም። ኪሱ ከተታት። ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎተተ። በሩ ላይ ቆሜ እናትህን ምን እላታለሁ አልኩት። ስልኬ ይጮሃል፤ ፈይዛ ናት። እሱ በጎኔ ቀስ ብሎ አለፈ፣ ደረጃው ላይ ጫማውን አጠለቀ፣ ወረደ።