ማሻአላህ በይ

ሰው እየራበው እንዴት አልራበኝም ይላል? ይህን ጥያቄ ስንቴ ለራሴ እንዳቀረብኩ የማውቀው እኔ ነኝ፤ መልሱን ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፣ ቁርኣንም ቀርቻለሁ። ይህን ግን ማንም አላስተማረኝም።

የልጅ ልጄ አፍናን እዚህ አማን ከተማ እኔ ጋ የምትኖረው ለትምህርት ብላ ነው። እናቷ ቱርከያ የኔ ልጅ ናት፤ ቴፒ ላይ የኮረሪማና የቅመም ሱቅ አላት። አፍናን «አኮ» ትለኛለች፤ እኛ የጅማ ሰዎች አያትን እንዲያ ነው የምንጠራው።

ነገሩ የጀመረው በጾም ነው። በረመዳን ያመለጧትን ቀናት ቀዳ ልታወጣ ጾመች፤ ደግ። ያንን ስትጨርስ ሰኞና ሐሙስን ጨመረች። በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ያለች ልጅ የት ይገኛል እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። መግሪብ ላይ ስታፈጥር ተምርና ውሃ ቀምሳ ትነሳለች። ብዪ እንጂ ስላት «ጠገብኩ አኮ» ትላለች። ከዚያ ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ እፍኝ እየሆነ ይቀር ጀመር። እኛ በሙቀት ስንቃጠል እሷ ትልቅ ጃኬት ደርባ፣ እስከ አንገቷ ዘግታ ትቀመጣለች። የወር አበባዋም ቀረ። ጾሙ አድክሟት ነው አልኩ።

ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ወድቃ ለሕክምና ስንወስዳት፣ ዮሃና የምትባል ነርስ ብዙ አናገረቻት። በኋላ እኔን ለብቻዬ ጠራችኝ።

«እማማ ሀጂራ፣ ይሄ የጾም ጉዳይ አይደለም። የአመጋገብ መታወክ የሚባል ሕመም ነው። መብላት ያስፈራታል።»

«ሰው እንዴት ምግብ ይፈራል? ጅብ ነው እንዴ?»

አልሳቀችብኝም። «ከበላች ሰውነቷ ከቁጥጥሯ የሚያመልጥ ይመስላታል። መስታወት ስታይ እኛ የምናየውን አታይም። ቅብጠት እንዳይመስልዎ፤ የማንም ጥፋትም አይደለም። ይድናል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። አብረዋት ይብሉ።»

ሐኪም ልቧንና ደሟን አየላት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እየሄደች የውስጧን ለእነ ዮሃና ትነግራቸዋለች። ጾሙንም የመስጊዳችን ሼኽ ራሳቸው «የታመመ ሰው አይጾምም፣ ብዪ ልጄ» ብለው አስተዋት። የቤቱ ሥራ የኔ ሆነ፤ በሰዓቱ ማቅረብ፣ አብሮ መብላት፣ አለመቆጣት። ስለ ሰውነቷ ክፉም ደግም አለማንሳት። የመጨረሻው ከሁሉም ከበደኝ። እኛ ጋ የሰነበተ ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚለው «ከሳሽ» ወይም «ወፈርሽ» ነው፤ ወፈርሽ ማለት ደግሞ አልሐምዱሊላህ፣ ደልቶሻል ማለት ነው። ያንን ቃል ከቤቴ አስወጣሁት። ጎረቤት ሲመጣ ቀድሜ በር ላይ ወጥቼ አስጠነቅቃለሁ።

አንዲት ቁራሽ ጎደሬ ይዛ ስትቆይ፣ ብቻዋን እንዳይከብዳት እኔ እየበላሁ እጠብቃታለሁ። አንድ ቀን ሳህኔን አየችና፣

«አኮ፣ ታማሚዋ ማናችን ነን?» አለችኝ።

«ዝም ብለሽ ብዪ። ለብቻሽ ልተውልሽ እንዴ?»

ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ።

ሁልጊዜ እንዲህ ነበር አልልም። ሳህኑን ገፍታ ያለቀሰችበት ቀን አለ፤ የበላች መስላኝ ምግቡን ከኪሷ ያገኘሁበትም አለ። ዮሃና «ወደ ኋላ መንሸራተት አለ እማማ፣ ያኔም አብረዋት ይቀመጡ» ትለኛለች። ተቀመጥኩ።

ቡናው ቀልቶ ለቀማ ሲጀመር፣ አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት መጣችና ቦርሳዋን ሳታወርድ «አኮ፣ ራበኝ» አለች። ልክ እንደ ማንም ልጅ። እሺ ብዬ አቀረብኩላትና ጓሮ ወጥቼ፣ ከሙዙ ጀርባ፣ አፌን በሻሼ ይዤ አለቀስኩ። ያ ጃኬትም ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ መዋል ጀመረ።

ቱርከያ ልጇን ለመጨረሻ ጊዜ ያየቻት ሕመሙ በጠናባት ወቅት ነበር፤ አልቅሳ ነው የተመለሰችው። ራበኝ ማለቷን ደውዬ ነገርኳት።

«እሁድ መጣሁ» አለች።

«ስለ ሰውነቷ እንዳትናገሪ፣ አደራ።»

«እማዬ፣ ስንቴ ትነግሪኛለሽ? ሕፃን ነኝ እንዴ?»

እሁድ ለምሳ ደረሰች። አፍናን ሮጣ አቀፈቻት። ጎደሬውን በጎመን አቀረብኩና ተቀመጥን። ልጅቷ አንዴ ጎርሳ ሁለተኛውን ቆርሳ ይዛለች። ቱርከያ አትበላም፤ እሷን ብቻ ታያለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እጇን ዘርግታ ጉንጯን ዳበሰችና፣

«ወፍረሽልኛል፣ የኔ ልጅ» አለች።

ያኔ ሌላ ወሬ ማምጣት ነበረብኝ፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ። እኔ ግን ዓይን ፈራሁ። ያማረ ልጅ ተደንቆ ማሻአላህ ካልተባለ ይታመማል እየተባልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ይህችን ልጅ ደግሞ በስንት መከራ ነው ያገኘኋት። አፌ ቀደመኝ።

«ማሻአላህ በይ እንጂ» አልኳት።

«ማሻአላህ፣ ማሻአላህ። ክብ ብላለች እኮ።»

አፍናን አየችኝ። እናቷን አይደለም፣ እኔን። ከዚያ የቆረሰችውን ቀስ ብላ ሳህኑ ዳር መለሰችው።

«ምን አልኩ? ደስ ብሎኝ እኮ ነው» አለች ቱርከያ።

«አፍናንዬ፣ ቁጭ በይ እናቴ» አልኩ። «እኔም አልጨረስኩም።»

እሷ ግን ተነስታ እጇን ታጠበች። ሻርፗን አደረገች። ጃኬቱን ከምስማሩ አውርዳ በዚያ ሙቀት ደረበችና እስከ አንገቷ ዘጋችው። ቱርከያ ልትይዛት ተነሳች፤ አፍናን በጎኗ አልፋ ወጣች።