የአርባ አንደኛው ዋሊያ ጉበት

ክቡር አቶ ወርቅአፈራሁ የዶሮውን ቅልጥም መጥጠው ሲጨርሱ አጥንቱን ወደ ገደሉ ወረወሩ፤ የወረወሩበትንም እጅ በጎሹ ጋቢ ጠረጉ። ጎሹ መንገድ መሪያቸው ሆኖ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ጣቶቻቸው አንድ በአንድ፣ እስከ ጥፍራቸው ሥር፣ ሳይቸኩሉ በጋቢው ጫፍ ላይ ሲመላለሱ ተሰማው።

የስሜን ገደል እንደ ሌላው አገር ገደል አይደለም። አያት የወረወረው ድንጋይ መሬት ሲደርስ የሚሰማው የልጅ ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የቆመ ሰው ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ቢያንስ ቢያንስ አፉን በእጁ ይይዛል። እኒህ ትልቅ ሰው ግን አገሱ። ግሳታቸው ማዶ ካለው ተራራ ደርሶ፣ ነጭ ሽንኩርቱን እንኳ ሳያስቀር ተመለሰ።

እኒህ ሹም ከባለቤታቸው ጋር ከአዲስ አበባ የመጡት የጎንደርን ነገሥታት ግንብና፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት «ዋሊያ የገደለ ይታሰር» ብሎ በቅርቡ የከለለውን የስሜን ፓርክ ሊጎበኙ ነው። ሲመለሱ የሚናገሯት አንዲት ቃል የጎሹን ዕጣ ትቆርጣለች። ደስ ካላቸው የካኪ ኮትና የእንግዳ መሪነት ሹመት፤ ካልሆነም አርማጭሆ፣ ወደ መንደሩ ወደ ትክል ድንጋይ ተመልሶ ሞፈር መጨበጥ። ስለዚህ ጎሹ ከጎንደር ጀምሮ ሲችል ነው የመጣው። በፋሲል ግቢ፣ ከአንበሶቹ ቤት ግድግዳ ሥር ቆመው ውኃ ሽንታቸውን ሲለቁት ችሏል። ያን ሁሉ ዘመን ዝናብና በረዶ ችሎ የቆመ ድንጋይ ያን ዕለት ፊቱን ያዞረ መስሎት ነበር።

«ነገሥታቱም የሆነ ቦታ ይሸኑ ነበር እኮ» አሉ ያን ጊዜ፣ ቀበቷቸውን እያጠበቁ።

«እነሱማ በገዛ ቤታቸው ነው» ብለዋቸው ነበር ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋገነት። አልሰሟቸውም።

አሁን ደግሞ ጠጅ አማራቸው። ጎሹ ከወገቡ የተንጠለጠለውን ዋንጫ ፈታ። የዋሊያ ቀንድ ነው፤ ጥቁር፣ ጉጥ በጉጥ የሆነ። ጠጁን ቀዳበትና እንደ አሳላፊ ወግ በመጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰ፤ በዚህ አገር ንጹሕ ነው የሚል ሰው ቀድሞ ራሱ ይቀምሳል። ከዚያም በሁለት እጁ አቀረበ።

በአርማጭሆ ስለዚህ ዋንጫ ያልተወራበት ሠርግ የለም። ጎሹ ከፍ አድርጎ ያነሣውና «የአርባኛው ቀንድ!» ይላል። አርባ ዋሊያ ጥሏል። ጠጁ በበዛ ቁጥር ገደሉ ይጠልቃል፣ ዋሊያውም ይገዝፋል፤ ባለፈው ፋሲካ በሬ አክሎ ነበር። እውነቱ ግን ቀንዱ ነብር በልቶ ከተወው ሬሳ ላይ የተነቀለ ነው። ጎሹ በዕድሜው በዋሊያ ላይ አንዲት ጥይት አልተኮሰም። ይህን የሚያውቁት እግዜርና በቅሎ ጫኙ አያ በላቸው ናቸው። እግዜር ዝም ይላል፤ አያ በላቸው ግን ይስቃሉ።

ክቡርነታቸው ተጎንጭተው ማዶ አዩ። ፍየል ቀርቶ ዝንብ እግሯን የምታሳርፍበት በማይመስል ገደል ላይ አንድ ጢማም ሽማግሌ ዋሊያ ቆሟል፤ ሴቶቹና ግልገሎቹ ከበስተኋላው ተደርድረዋል።

«ያ ነው?»

«እሱ ነው ጌታዬ።»

ባለመነጽሩን ጠብመንጃቸውን አንሥተው ሰጡት። «አርባ ጥለሃል አሉ። እስቲ አርባ አንደኛውን ለእኔ። ጉበቱን እዚሁ፣ በጥሬው፣ በሚጥሚጣ።»

«ጌታዬ፣ አዋጁ . . .»

«አዋጁን ማን አመጣው?» ብለው ሳቁ። በጥርሳቸው መካከል የዶሮ ጅማት ተንጠልጥሏል።

ጎሹ ጠብመንጃውን ተቀበለ። ቢስት አርባዎቹ ሙታን ተነሥተው ይመሰክሩበታል። ቢመታ ነገ ጠያቂ ሲመጣ ማን እንደሚታሰር ያውቃል። ዳሩ ግን እጁን የያዘው ፍርሃት ብቻ አልነበረም። በመነጽሩ ውስጥ የሽማግሌው ጢም በነፋስ ሲወዛወዝ አየ። ያን ትኩስ ጉበት አሰበ፤ ጉበቱን የሚጨብጡትን ጣቶች አሰበ፤ ጣቶቹ በኋላ በምን እንደሚጠረጉም አሰበ።

ጠብመንጃውን አነገተው።

«ይኸንንስ ለእርስዎ አላበላም» አለ። «እከካም ነው።»

ሽማግሌው ዋሊያ፣ እንደተመከረ የሐሰት ምስክር፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልሶ በቀንዱ ጫፍ ጀርባውን ያክ ጀመር።

የጎሹ አፍ ተከፈተ። ያ አፍ ከተከፈተ በኋላ መመለስ ደግሞ ክረምት ላይ የመገጭን ወንዝ በእንቅብ እንደ መገደብ ነው። «ይኸ መንጋ ያለቀለት ነው ጌታዬ! አርባኛውን የጣልሁ ዕለት ሆዱን ብቀደው፣ ጉበቱ ተነሥቶ ሄደ።»

«ጉበቱ ሄደ?»

«ትሉ ተሸክሞት ነዋ! የጫማ ማሰሪያ የሚያህል ትል፤ ነጭ፣ ዓይን ያለው። አንድ ጓደኛዬ ደፍሮ ቀመሰ። ምላሱ አብጦ ካፉ አልገባ አለ። ሲቀበር ለምላሱ ለብቻው መግነዝ ተቀደደለት።»

አያ በላቸው ከበቅሎዎቹ መካከል ተጣሩ። «ምነው ጎሹ! በፋሲካ ሸጋ ሥጋ ነው፣ ቅቤ ነው አላልኸንም?»

«እሱ ከበሽታው በፊት ነው አያ!»

«ሠላሳ ዘጠነኛው መሆኑ ነው?»

«ሠላሳ ዘጠነኛው!»

ወይዘሮ ሸዋገነት አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ይሳቁ ይጸየፉ አይለይም። «እሳቸው የሚጠጡበት ቀንድስ የየትኛው ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

ጎሹ ትንሽ ቢያስብ ይሻለው ነበር። አፉ ግን የለመደውን ቀድሞት ተናገረ። «የአርባኛው ነዋ!»

ክቡርነታቸው ጉሮሯቸው የደረሰውን ጠጅ መልሰው ዋንጫው ውስጥ ተፉት። ከጠጁ ጋር ዶሮው መጣ፤ ከዶሮው ጋር ጠዋት የበሉት ፍርፍር መጣ፤ የትናንቱም ሳይቀር የመጣ መሰለ። በአፋፉ ላይ የተሰማሩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች እንኳ ሣር መንቀላቸውን ትተው ተመለከቱ። ዋንጫውን ጎሹ እጅ ላይ ወተፉና አፋቸውን ጠረጉ፤ በዚያው ጋቢ።

ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። ሰው ፊት የተዋረደ ሹም ፊት ነው።

«እንዲህ ያለ ደዌ የውጭ እንግዳ በሚጎበኘው ቦታ!» አሉ። «ነገ ከብት ላይ ይዛመታል፤ ከነገ ወዲያ ሰው ላይ። ዛሬውኑ ደባርቅ መልእክተኛ ይሂድ። መንጋው ግልገል ሳይቀር በጥይት ይለቅ። ምስክሩም አንተ ነህ።»

አያ በላቸው መሳቃቸውን አቆሙ።

ጎሹ የተናገረው ነገር ከልብ ሲታመን ያን ቀን ገና ማየቱ ነበር። አርባ ዋሊያ በአፉ ሲገድል ከመንጋው አንዲት ጠጉር አልጎደለችም። ዛሬ አንዱን ላድን ብሎ ሁሉንም ፈጀ። «ዋሸሁ» ቢልስ? ውሸታም «ዋሸሁ» ሲል በየትኛው ሚዛን ይመዘናል? መተኮሱን ፈራ ይሉታል እንጂ ማን ያምነዋል?

እጁ ላይ ያለውን ዋንጫ አየ። ጠጁ ደፍርሷል። ከላዩ አረፋ፣ በአረፋው መካከል ያ የዶሮ ጅማት ይዋኛል። የዋንጫው አፍ በቅባት ያብረቀርቃል። ሽታው ፊቱን በጥፊ መታው።

«ጌታዬ፣ ይመልከቱኝ» አለ።

አነሣው። የመጀመሪያው ጉንጭ ለብ ያለ ነበር፤ ሙቀቱ ከማን ሆድ እንደመጣ ያውቃል። ሁለተኛው ወፍራም ነበር፤ ማኘክ አስፈለገው። ወይዘሮ ሸዋገነት «በስመ አብ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ጎሹ ዓይኑ እንባ እያቀረረ፣ ጉሮሮው እንደ እምቢተኛ በቅሎ ወደ ኋላ እየጎተተበት፣ እስከ አተላው ጨለጠው። ከዚያም ዋንጫውን ገለበጠ። አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

«ንጹሕ ነው» አለ ትንፋሹ ሲመለስለት። «ቀንዱም፣ ጉበቱም። እከክም የለ፣ ትልም የለ።»

«አርባውስ?» አሉ አያ በላቸው። በዚህ ጊዜ አልሳቁም።

ጎሹ አፉን በዚያው ጋቢ ጠረገ።

ክቡርነታቸው አፉን አዩ፤ የተገለበጠውን ዋንጫ አዩ፤ ማዶ አዩ። የገረጣው ጉንጫቸው ቀስ በቀስ ደም ለበሰ። ምራቃቸውን ሲውጡ ማንቁርታቸው ወጣ ወረደ።

«እንግዲያስ ንጹሕ ከሆነ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ፤ «ጠብመንጃውን ወዲህ በለው። እኔው እተኩሳለሁ።»

ሽማግሌው ዋሊያ ማከኩን ጨርሶ ወደ እነሱ ይመለከት ነበር። በተዘረጋው እጅ ላይ ቅባቱ ገና አልደረቀም። ጠብመንጃው በጎሹ ትከሻ ላይ ነበር፤ ከጎሹ ጀርባ ደግሞ፣ አያት የወረወረውን የልጅ ልጅ የሚሰማው ያ ገደል።