የበሽተኛው ስም

አሳምነው ከአዲስ አበባ ሴሚናር የተመለሰው አመሉን ቀይሮ ነው። ድሮ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ብቅ ያለውን ገጠሬ ሁሉ «ምን ፈለግህ? ቶሎ በል!» እያለ ሲያመናጭቅ የኖረ ሰው፣ አሁን «ጓድ»፣ «ጓዲት» ማለት ጀመረ። የበሽተኛውን ስም ጠይቆ፣ የመድኃኒቱ ፖስታ ላይ ጽፎ፣ በፈገግታ ይሰጣል። ደንበኛ ማክበር ማለት ይኼ ነው ተብሏል። የሆሳዕና ከተማም ወደደችለት።

ገነቴ ይህን አልሰማችም። የሰፈሩ ድሬሰር «አማትሽን ሳንባቸውን ነው፤ ቴትራሳይክሊን ግዢላቸው» ብሏት ከጃጁራ በእግሯ መጣች። ባሏ ሰሜን ዘምቷል። ወንድሞቹ መሬቱን ቋምጠዋል፤ እሷንና ልጆቿን ከመባረር ያስጣሏቸው ሽማግሌው አማቷ ብቻ ናቸው። እሳቸው ከሞቱ አለቀላት።

«ጓዲት፣ የበሽተኛው ስም?» አለ አሳምነው።

ገነቴ አፏን በእጇ ያዘች። በአገሯ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም።

«የባሌ አባት ናቸው።»

«እሱማ ስም አይደለም።»

«የቤታችን ትልቅ…»

«ስም የሌለው በሽተኛ የለም፣ ጓዲት። ወስደሽ ገበያ ልትቸረችሪው ነው?» ፈገግታው አልጠፋም።

ሰልፈኛው ሳቀ። ከኋላዋ የቆመችው የመንደሯ ሰው ዓለሚቱ ናት። ገነቴ ዞራ በዓይኗ ለመነቻት። ዓለሚቱ ስሙን ብትጠራው ምንም አይነካት፤ አማቷ አይደሉም። ግን ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ዝም አለች። አንዳንድ ሰው የሰው ውርደት ከምሳ ይበልጥ ይጣፍጠዋል።

«ተረኛ!» አለ አሳምነው።

«ሽብሩ!» ብላ ጮኸች ገነቴ።

«አየሽ፣ ቀላል ነው!» ብሎ ጻፈላት።

ዓለሚቱ በጭነት መኪና ቀድማት ገባች። ገነቴ ደርሳ እንክብሉን በውሃ ስታቀርብ፣ ሽማግሌው እጇን ገፉት።

«ሕዝብ ፊት ጠራሽኝ አሉ።»

«አባባ፣ እንዲተርፉልኝ ብዬ…»

«በዚህ አፍሽ ከቀበርሽኝ በኋላ?»

እግራቸው ላይ ወደቀች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ከዚያ ወዲያ ከእጇ ውሃ እንኳ አልቀመሱም። ክብር ይሉታል። ጭካኔ ነው እንጂ!

በቀብሩ ቀን ከሩቅ የመጣ ዘመድ «ምን አመማቸው?» ሲል ጠየቀ።

«ምን ያማቸዋል?» አለች ዓለሚቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። «ምራታቸው ጠራቻቸው።»

የባሏ ወንድሞች የገነቴን ዕቃ ወደ ደጅ ማውጣት የጀመሩት ለቀስተኛው ገና ሳይበተን ነው። «ተዉ» ያላቸው አንድም ሰው አልነበረም።