የአቶ ቢንያም ለስላሳ ልብ

አቶ ቢንያም የሰበታው ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሲመጣ እኔ የሰው ኃይል ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። ዕድላዊት እባላለሁ። ቢሮዬን ከሱ ቢሮ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ስለነበር ሰውየውን ከሚስቱ በላይ አውቀዋለሁ ብል አላጋነንኩም።

አንድ ሆቴል ውስጥ የሦስት ቀን የአመራር ሥልጠና ወስዶ በተመለሰ ማግሥት «ጠንካራ እጅ፣ ለስላሳ ልብ» የሚል ባነር አሠርቶ መግቢያው ላይ ሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛ ሲያናግር አንገቱን ወደ ቀኝ ዘመም ያደርግ ጀመር። ማዳመጡ ነው እንግዲህ።

በ2008 ታኅሣሥ፣ በማስተር ፕላኑ የተነሣው ተቃውሞ ሲበረታ፣ የጅማ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ። ጣቢታ የምትባል ከወላይታ የመጣች የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ በዚያው መንገድ ከሰበታ ወዲያ፣ ተጂ ከተማ ነበር የምትኖረው። ሁለት ቀን ቀረች። በሦስተኛው ቀን በእግሯ መጣች፤ ጫማዋ ተበጥሶ በፌስታል አስራዋለች። ቢንያም የስንብት ደብዳቤዋን አስጽፎኝ፣ ፈርሞ፣ መሳቢያው ውስጥ ካስቀመጠ በኋላ ነው «አሁን አስገቢያት፣ ልስማት» ያለኝ።

ሰማት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ። ስለ እናቷ ጠየቃት። ሶፍት ሰጣት፤ ለራሱም አንድ መዘዘ።

«ጣቢታዬ፣ እመኚኝ፣ ካንቺ ይልቅ እኔን ነው የሚያመኝ» አለና መሳቢያውን ከፈተ።

እሷ አመስግናው ወጣች። ማመስገኗ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ደብዳቤውን የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ አልደብቅም።

የጣቢታ አለቃ ደጊቱ ነበረች። ሠራተኛው «ኮማንደር» ነው የሚላት። በቀን ሦስት ሰው ካላስለቀሰች ምሳ አይበላላትም ይባል ነበር። ወሬውን እንደሰማች በሩን ሳታንኳኳ ቢንያም ቢሮ ገባች።

«ይቺን ልጅ ስታረፍድ ሰድቤያታለሁ፤ ነገም እሰድባታለሁ። መንገድ ስለተዘጋ ግን ሰው አይባረርም።»

«ደጊቱዬ፣ ስሜትሽን እረዳለሁ» አላት፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ።

«ስሜት አይደለም ያመጣሁልህ፤ ሰው ነው።»

ጣቢታን ግን ወደ ሥራዋ አልመለሳትም።

በቀጣዩ ዓመት፣ መስከረም ማብቂያ ላይ፣ አንድ ረፋድ ከመንገዱ ማዶ ጭስ ታየ። ብዙ ተቃዋሚ ወጣቶች ወደኛ እየመጡ ነው ተባለ። ሠራተኛው መውጣት ፈለገ። ቢንያም ባነሩ ሥር ቆሞ «ዛሬ የሚወጣ ነገ አይገባም! አመራር ማለት በችግር ጊዜ መጽናት ነው!» ብሎ ትልቁን በር በገዛ እጁ ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የሱ ፒካፕ በጓሮ በር ወጣ። ያንንም በር ሾፌሩ ከውጭ ቆለፈው።

ስልኬ ጮኸ።

«ዕድልዬ፣ ለልጆቹ ንገሪያቸው፣ በመንፈስ አብሬያቸው ነኝ።»

«የት ነዎት?»

«አዲስ አበባ ገብቼ አየር ጤና ደርሻለሁ።»

ደጊቱ አጠገቤ ቆማ ሰምታለች። ከጥገና ክፍል ፌሮ ይዛ መጣች። የትልቁ በር ቁልፍ በአራተኛው ምት ወለቀ። ሁለት መቶ ሰው በሩ ላይ ሲጎርፍ ዞር ብላ ጮኸች፦

«ቁሙ! ነፍሰ ጡሮች መጀመሪያ! የሚጋፋኝን በዚህ ነው የምለው!»

ሁሉም ቆመ። ያን ሁሉ ዓመት ያስፈራችን ለዚያች ደቂቃ ይመስል ነበር። ማንም አልተረገጠም።

ወጣቶቹ ደርሰዋል። ደጊቱ ፌሮውን ጥላ ብቻዋን ወደነሱ ሄደች። «ኢጆሌ ኮ፣ ኢሳን ሆጄቶታ» አለቻቸው፤ ልጆቼ፣ እነዚህ ሠራተኞች ናቸው ማለቷ ነው። ልጆቹ መንገድ ከፈቱልን። መጋዘኑ ተቃጠለ፤ ሰው ግን አልተነካም።

በሳምንቱ ቢንያም ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣና ሰበሰበን። «ተረፍን» አለ። ያቺ «ን» እንዴት እንዳስጠላችኝ! ቀጥሎም አለቀሰ። በሦስተኛው ቀን ደጊቱን ያለፈቃድ በር ሰብራ ንብረት ለአደጋ አጋልጣለች ብሎ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ከሰሳት። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ ነበርኩ።

«ቁልፉን ለምን ሰበርሽ?» አሏት።

«መክፈቻው አየር ጤና ነበራ!»

ከኮሚቴው አንዱ ሳቀ። ስቆ ሲጨርስ ስንብቷ ላይ ፈረመ።

ቢንያም ቃለ ጉባኤውን አንብቦ ወደ ቢሮዬ መጣ።

«ዕድልዬ፣ እኔ የት እንደነበርኩ ለጉዳዩ ያስፈልጋል?»

«የተባለው ይጻፋል።»

«ያለብሽን ጫና እረዳለሁ...»

«አይረዱም። አልሰርዘውም።»

ሊያባርረኝ አልደፈረም። ገጹን ራሱ ቀደደና ኮምፒውተሬ ላይ በሁለት ጣቱ ፊደል እየለቀመ ሌላ ጻፈ። እኔም በወሩ መጨረሻ ለቀቅኩ። እሱ ዛሬ ዋናው መሥሪያ ቤት ተሹሞ ሌሎች ሥራ አስኪያጆችን ያሠለጥናል አሉ። ያሠልጥናቸው።

ደጊቱን ሱሉልታ፣ አንድ የውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ አለቃ ሆና አገኘኋት። ሥራ ልጠይቃት ነበር የሄድኩት። በር ላይ ግማሽ ሰዓት አቆመችኝ፤ ከዚያ ወጥታ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ነገ አንድ ሰዓት። ካረፈድሽ አትምጪ» አለችኝ።

ፉሪ ካለው ቤቴ ሱሉልታ ሦስት ታክሲ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ደረስኩ። እሷ ቀድማኝ ገብታ፣ ከውስጥ አንዱ ላይ ስታምባርቅ ይሰማል።