ውጫዊ የድምፅ ካርድ

ጋሽ ባፈና ሰኞ ጅማ ውስጥ ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ይሆናሉ። ሐኪሙ «ድምፅዎ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል» ብሏቸዋል። በደካ ጫካ ማሩን በየአበባው እየለዩ በካፊኖኖ ቋንቋ የሚጠሩት ደግሞ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። ዕፀገነት ለዚህ ነው ቦንጋ ያስመጣቻቸው። መሥሪያ ቤቱ የቀጠራት ቋንቋ እንድትሰንድ ነው፤ እስካሁን የሰነደችው ግን ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው።

የላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ስለሞተ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ የድምፅ ካርድ ከአዲስ አበባ አስልካለች። ስትሰካው መብራቱ በራ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው የመቅጃ መስመር ግን እንደ ተኛ ክር ተዘርግቶ ቀረ። ጥፋቱን ለማግኘት አልተቸገረችም። ኮምፒውተሮቹ የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባል ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ሊኑክስ ድምፅ እንዲነካ የተፈቀደለትን ሰው «ኦዲዮ» በሚባል ቡድን ይመዘግባል። የእሷ ስም የለበትም። አንድ መስመር ትእዛዝና አንድ የይለፍ ቃል ይበቃ ነበር።

የይለፍ ቃሉ ያለው ኃላፊው አቶ ማዕረግ ዘንድ ነው። የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ «ነጻ ሶፍትዌር ነጻ ያወጣናል» እያለ ኮምፒውተሩን ሁሉ አስቀየረ፤ በማግስቱ ነጻነቱን ለብቻው ቆለፈበት። ጥያቄ በደብዳቤ ካልሆነ አይሰማም፤ በደብዳቤ ላይ ደግሞ የባዕድ ቃል አይወድም። ስለዚህ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ውጫዊ የድምፅ ካርድ መጠቀም እንድችል ስሜ ወደ ድምፅ ቡድን እንዲገባልኝ እጠይቃለሁ።»

አቶ ማዕረግ ሁለት ጊዜ አነበበው። ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ዕፀገነት፣ እንደ እህቴ ነው የማይሽ። ይህን ቡድን ማነው ያደራጀው?»

«የቱን ቡድን?»

«የድምፁን። ካርዱንስ ከውጭ ማን ላከልሽ? ምርጫ ቀልድ መሰለሽ?»

«ማይክ የሚሰካበት ዕቃ ነው፣ አቶ ማዕረግ።»

«እሱን የሕግ ክፍል ያጣራል።»

የሕግ ክፍሉ ለስብሰባ ሺሺንዳ ወርዷል፤ የሚመለሰው ማክሰኞ ነው። ዕፀገነት ጥርሷን ነክሳ ግን ፈገግ አለች።

«ያሳዝናል። የመክፈቻ ንግግሩን እርስዎ እንዲያደርጉ አስበን ነበር።»

ብዕሩ ቆመ። «የሚቀረጽ ንግግር ነው?»

«ለታሪክ የሚቀመጥ።»

ትእዛዙን እሷ ጻፈች፤ የይለፍ ቃሉን እሱ አስገባ። የገዛ ስሙ ነበር፣ መጨረሻው ላይ አንድ ሁለት ሦስት። ላፕቶፑን አጥፍታ ስታስነሣው ማይኩ ፊት የተቀመጡት ጋሽ ባፈና አሳሉ፤ መስመሩም ዘለለ።

አቶ ማዕረግ ንግግሩን ሊያመጣ ሄዶ አሥራ አራት ገጽ ይዞ ተመለሰ። ጋሽ ባፈናን የሚወስደው የጅማ ሚኒባስ ሊነሣ የቀረው አንድ ሰዓት ነው። ዕፀገነት አዳራሹ ውስጥ ካለው ትልቅ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠችው። «የዚህኛው ማይክ ከውስጥ ነው» አለችው። ከውስጥም ከውጭም ማይክ የለውም።

«መስመሩ ለምን አይንቀሳቀስም?»

«ንግግርዎ የተረጋጋ ስለሆነ ነው።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለና ቀጠለ።

በሚቀጥለው ክፍል ጋሽ ባፈና ማሮቹን በስማቸው እየጠሩ፣ የትኛው አበባ በየትኛው ወር እንደሚሰጣቸው ተናገሩ። የሚኒባሱ ጥሩምባ ሲሰማ አርባ አንድ ስም ተቀድቷል። ሽማግሌው ከዘራቸውን ሲያነሡ ከግድግዳው ማዶ የሚመጣውን ድምፅ አዳመጡ።

«ያ ሰውዬ ለማን ነው የሚናገረው?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው» አሉ ጋሽ ባፈና፣ «ሐኪሙ ጉሮሮ ተሳስቶበታል።»