ሳምቡሳ ለደቦ

ልጄ ትዝታ ከኩዌት በተመለሰች በጥቂት ወሯ «የዘንድሮን የገብስ ደቦ የማበላው እኔ ነኝ» አለችኝ። ምን ልታበያቸው ነው ብላት፣ «የአትክልት ሳምቡሳ» አለች። ሳቄ መጣ። የእኛዋ ገሳይ ከተማ ላይ ሳምቡሳ ማለት መኪና የሚጠብቅ መንገደኛ ከሻይ ጋር የሚያላምጣት ነገር ናት። ገብስ ሲያጭድ የዋለ ወንድ በዚያች ይጠግባል?

እሷ ግን ቆርጣለች። መንገድ ዳር ቤት ከፍታ ልትሸጠው አስባለች፤ ደቦው መሞከሪያዋ ነው። «የአገሬ ሰው ከወደደልኝ እቀመጣለሁ፣ አለዚያ ተመልሼ እሄዳለሁ፣ እማ» ብላኛለች። ይህን ካለችኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ስንት ዓመት በስልክ ብቻ ያየኋት ልጄ ናት። እኔ ሳምቡሳ የማልወድ ሴትዮ ለሳምቡሳ ብዬ ስለት ተሳልኩ።

የደቦው ቀን ውርጭ ነበር፤ ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ትዝታ ድንቹን ቀቅላ፣ ካሮትና ጥቅል ጎመኑን አድቅቃ ከትፋ፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር በዘይት አቁላላችው። ሊጡን እየዳመጠች፣ እየሞላች፣ ጫፉን በጣቷ እየቆነጠጠች ትዘጋዋለች። አንዱ መዳፍ ያክላል። ቅልጥፍናዋን ሳይ ደስ አለኝ። ግን ፈሪ ነኝና፣ ጎረቤቴ ገነት ቤት አንድ ትልቅ ድስት ሽሮ ሠርቼ፣ እንጀራም ጨምሬ ደበቅኩ።

የነቢያት ጾም ነውና ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የሚቀምስ የለም። ሰዓቱ ሲደርስ ደቦው እጁን ታጥቦ ተቀመጠ፤ ሳምቡሳውም ትኩስ ትኩሱ ቀረበ። አፋቸውን እያቃጠላቸው፣ እየተሳሳቁ በሉ። የትዝታ ፊት በራ። በልተው ሲያበቁ ግን ማንም አልተነሣም። የደቦው አለቃ ጋሽ አስናቀ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ፈንታነሽ፣ መቆያዋ እጅ ታስቆረጥማለች። ምሳውን ደግሞ ቶሎ በይ እንጂ፣ ሳይመሽ ወደ ገብሱ እንመለስ።»

ትዝታ ሳህን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እኔም የማደርገው ጠፋኝ። ሽሮውን ባወጣው ልጄን እንዳላመንኳት ልታውቅ ነው፤ ባላወጣው ደቦ ያስራበ ቤት ልንባል ነው። ልጄ ትቀየመኝ እንጂ ሰው ከቤቴ ተርቦ አይወጣም ብዬ ወደ ገነት ቤት ሮጥኩ።

ድስቱንና እንጀራውን ተሸክሜ ስገባ ትዝታ አየችኝ። አንገቴን ደፋሁ። እንጀራውን ላቀርብ ስል ጋሽ አስናቀ ከሌማቱ የቀረች ሳምቡሳ አንሥተው ሽሮው ውስጥ ነከሩና ጎረሱ። ደግመው ነከሩ።

«እንጀራውን መልሺው» አሉኝ።

«ምን አጠፋሁ፣ ጋሼ?»

«ምንም አላጠፋሽም። ይቺኑ ጨምሩልን ነው የምልሽ!»

ከዚያ ወዲያ ሽሚያ ሆነ። ትዝታ ወደ ምድጃው ሮጣ ሊጡ እስኪያልቅ ጠበሰች። ሰዎቹም ሰውነታቸው ሞቆ፣ እየዘፈኑ ወደ ገብሱ ተመለሱ።

እንደወጡ ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። እሷ ባዶውን ድስት አዘንብላ ታየዋለች።

«እማ፣ ገሳይ ላይ ሳምቡሳውን ከነሽሮው ነው የምሸጠው» አለች። «ሽሮ ደግሞ እንዳንቺ አልችልበትም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«አንቺ ትሠሪልኛለሽ። በየቀኑ።»

በየቀኑ አለች፣ ልጄ! ድስቱን ከእጇ ተቀብዬ አቅፌው አለቀስኩ፤ እሷ ደግሞ ሳቋን ማቆም አቃታት።