የእንቁራሪቶቹ ድርሻ

አባታችን ሲሞት መሬቱ ለሁለት ተከፈለ። ታላቅ ወንድሜ ሉበርት ቤቱን፣ ላሞቹንና ለምለሙን ግጦሽ ወሰደ። ለእኔ ድንክ አስታ የሚባል ቁጥቋጦ የለበሰው አሸዋና መሃሉ ላይ ያለው ጥቁር ኩሬ ደረሰኝ። ከቀብር መልስ ሰው ዳቦ በአሳማ ሥጋ እየበላ ሳለ ሉበርት ብርጭቆውን አነሳና «እንግዲህ ቴይስ፣ እንቁራሪቶቹ በሙሉ ያንተ ናቸው፤ ጠዋት ማታ እለባቸው!» አለኝ። ለቀስተኛው ሳቀ፤ ፓስተሩ ሳይቀር።

ከዚያ ወዲህ በመንደሩ ስሜ «እንቁራሪት አላቢው» ሆነ። በልጅነታችን ሉበርትን ግብርና ትምህርት ቤት ሰደዱት፤ እኔን ከስድስተኛ ክፍል አውጥተው ጋጣ አስጠረጉኝ። ይህን ግን የሚያነሳ የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሽመላዎቹ መጡ። ግራጫ፣ ረጃጅም፣ አናታቸው ላይ ቀይ ጣል ያለባቸው ባልና ሚስት። ኩሬው መሃል ባለችው የሣር ጉብታ ላይ ጎጆ ሠሩ። በአባቴ ዕድሜ እንኳ እዚህ ያያቸው ሰው አልነበረም። ሉበርት አቅርቦ የሚያሳይ መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመላለስ ጀመር።

«ምነው እኔ ግጦሽ ላይ አያርፉም?» ይለኛል።

«ፍግህ ሸቷቸው ይሆናል።»

እሱ የተመኘው ነገር እኔ እጅ ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነው።

ባለፈው ዓመት በረዶው ከሄደ ጀምሮ ከሰማይ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ሽመላዎቹ አንዲት ጫጩት ነበረቻቸው፤ ገና መብረር አትችልም። ከቀበሮ የሚጠብቃት በዙሪያዋ ያለው ውሃ ብቻ ነው። ውሃው ደግሞ በየቀኑ ይሸሻል። አንድ ጠዋት የኩሬው ዳር ጭቃ ላይ የቀበሮ ዱካ አየሁ፤ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሉበርት ቤት ሄድኩ።

«ስካቫተርህን አውሰኝ። በጉብታዋ ዙሪያ ጥልቅ ቦይ ካወጣን የቀረው ውሃ እዚያ ይጠራቀማል፤ ቀበሮው አይሻገርም።»

«አንተማ ስካቫተር ከነዳህ ቤተ ክርስቲያኑን ነው የምታፈርሰው። እኔው እመጣለሁ።»

ሚስቱ ሂሊ ከጓዳ ሆና «ኧረ መጀመሪያ አንድ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ!» አለች።

«መቆፈር ደግሞ ምን ጥያቄ አለው!» አልናት ሁለታችንም ባንድ አፍ።

እኛ አገር እንዲህ ነው። አባቶቻችን ረግረጉን ያደረቁት ቦይ በቦይ አድርገው ነው። ውሃ ሲበዛ መቆፈር፣ ውሃ ሲያንስም መቆፈር። ውሃን አባብሎ ማስቀመጥ ማንም አላስተማረንም።

በማግስቱ ጀመርን። ሽመላዎቹ ጫጩታቸውን ይዘው ወደ ማዶው ሸምበቆ ገለል አሉ። ጥቁሩ ጭቃ ተዝቆ ወጣ፤ ከሥሩ ዝገት የመሰለ ጠንካራ አፈር መጣ። የስካቫተሩ አካፋ ጥርስ በሚያንቀጫቅጭ ድምፅ ፋቀው። ሉበርት ሞተሩን ዝግ አደረገ።

«ይበቃል መሰለኝ፣ ቴይስ።»

ይበቃል! ይህችን ቃል ከልጅነቴ አውቃታለሁ። ሥጋው እኔ ጋ ሲደርስ ይበቃል፣ ትምህርቱ እኔ ጋ ሲደርስ ይበቃል፣ መሬቱም እንደዚያው። ደሜ ፈላ።

«ያንተ ላሞች የሚጠጡበት ቢሆን ይበቃል ትል ነበር?»

«ኧረ ጠንካራ ነገር ነው እኮ…»

«ቆፍር! ለእኔ ሲሆን ነው ሁልጊዜ የሚደክምህ!»

ፊቱ ቀላ። አካፋውን ከፍ አድርጎ ለቀቀው። ደገመው። ያ ጠንካራ አፈር እንደ ሸክላ ተሰነጠቀና ከሥሩ ነጭ፣ ዱቄት የመሰለ ደረቅ አሸዋ ታየ። ውሃው መጀመሪያ እንደሚያፍር ሰው ዝግ ብሎ ወደዚያ ሄደ። ከዚያ መሽከርከር ጀመረ።

የገባን ያኔ ነው። ያ አፈር ኩሬውን ከሥር ይዞት የኖረ ሳህን ነበር። ነደልነው።

ሉበርት ዘሎ ወረደ። ጭቃ በእጁ እየዛቀ ቀዳዳው ውስጥ ከተተ፤ እኔም ከተትኩ፤ ጃኬቶቻችንንም ጨመርን። አሸዋው ሁሉንም ዋጠ። «ሸክላ አፈር! ሸክላ አፈር ላምጣ!» እያለ በዚያ ዕድሜው በእግሩ ሮጠ። በትራክተር ጭኖ ሲመለስ የቀረው ውሃ የላም ኮቴ አይሞላም።

ጠዋት ሽመላዎቹ ጫጩቷን መሃል አድርገው በአስታው ውስጥ በእግራቸው ወጡ፤ ውሃ ፍለጋ። ከሩቅ ተከተልኳቸው። ብቀርብ ይበረግጋሉ፤ ብርር ካሉ ጫጩቷ ብቻዋን ትቀራለች። የበግ መከለያ ሽቦ አጥር ጋ ሲደርሱ ትልልቆቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ተሻገሩ። እሷ አልቻለችም። አጥሩን ይዛ ወዲያና ወዲህ ሮጠች። ቀበሮው ከአስታው ውስጥ ሲወጣ ጮህኩ፤ ሮጥኩ፤ ድንጋይ ወረወርኩ። ስደርስ ሽቦው ላይ ቡናማ ላባ ብቻ ነበር።

ሉበርት ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ።

«ቆፍር ያልከኝ አንተ ነህ» አለኝ፤ ድምፁ ግን የጠብ አልነበረም።

«እኔ ነኝ።»

«የቆፈርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ሽመላዎቹ ከአጥሩ ማዶ ቆመው እየተቀባበሉ ጫጩታቸውን ይጠሩ ነበር። እስከ ቀትር ጠሩ። ከዚያ ዝም አሉ።